ክረምቱን በአንድ ኮርስ፦ ለጎልማሶችና ለጡረተኞች የተዘጋጀ የኦንላይን ትምህርት መመሪያ

ክረምት የትምህርት ቤት በር የሚዘጋበት ወቅት ቢሆንም፣ በአገራችን መምህራን ራሳቸው ተማሪ ሆነው በክረምት መርሐ ግብር ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚጓዙበት ወቅትም ነው። ስለዚህ ዕድሜው የገፋ ሰው በሐምሌ ዝናብ ደብተር ይዞ ቢታይ እንግዳ ነገር አይሆንም። አዲስ የሆነው ነገር፣ ዛሬ ይህን ለማድረግ ሻንጣ ማሰርም ሆነ ከቤት መውጣት የማያስፈልግ መሆኑ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዲግሪ ወይም ለደመወዝ ጭማሪ ሳይሆን ዕውቀታቸውን ለማስፋት ሲሉ ክረምቱን አንድ የኦንላይን ኮርስ ለመማር ለሚሹ፣ በአገር ቤትም ሆነ በውጭ አገር ለሚኖሩ ጎልማሶችና ጡረተኞች ነው።

ዘመዶቼንና ጎረቤቶቼን በእንዲህ ያለ ትምህርት ሳግዝ ደጋግሜ የተመለከትሁት አንድ ነገር አለ። ጀምሮ ማቋረጥ የሚመጣው ከስንፍና ወይም ከዕድሜ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ከአመራረጥ ነው። ብዙ ሰው የኮርሱን ርዕስ አይቶ ይመዘገባል፤ መነሳት የነበረበት ግን እሱ ራሱ ለዓመታት በልቡ ይዞት ከኖረው ጥያቄ ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የተሠሩት በዚህ ላይ ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ጥያቄዎን በወረቀት ላይ ይጻፉ

ኮምፒውተሩን ወይም ስልኩን ከመክፈትዎ በፊት አንድ ወረቀት ይያዙና መልሱን ማወቅ የሚፈልጉትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ዓረፍተ ነገሩም በጥያቄ ምልክት ማለቅ አለበት። «ታሪክ»፣ «ጤና»፣ «ኮምፒውተር» የሚሉት የመደርደሪያ ስሞች እንጂ ጥያቄዎች አይደሉም።

ከ30 ዓመት በላይ በባንክ ገንዘብ ከፋይነት ሠርተው ጡረታ የወጡ አክስቴ «ታሪክ መማር እፈልጋለሁ» ባሉኝ ጊዜ፣ የትኛውን ታሪክ እንደሆነ ብጠይቃቸው ወዲያው ሊመልሱልኝ አልቻሉም። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ወረቀት ይዘው መጡ። ወረቀቱ ላይ «የአክሱም ነገሥታት በገዛ ሳንቲማቸው ላይ በግሪክኛ የጻፉት ለምንድን ነው?» የሚል ተጽፎ ነበር። ይህ ዕድሜውን ሙሉ ገንዘብ ሲቆጥር የኖረ ሰው ብቻ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ንጉሥ እንዱቢስ በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሳንቲም ማስመታት ሲጀምሩ ጽሑፉ በግሪክኛ ነበር፤ በኋላ በብርና በመዳብ ሳንቲሞች ላይ ግዕዝ እየገባ ሲመጣ፣ የወርቁ ሳንቲም ግን በአብዛኛው ግሪክኛውን እንደያዘ ቀጥሏል። ጥያቄው በወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ምን ዓይነት ኮርስ መፈለግ እንዳለብን ግልጽ ሆነልን፤ የምንፈልገው የጥንቱን የቀይ ባሕር ንግድ፣ የሮምን የገንዘብ ሥርዓትና የጥንት ሳንቲሞችን ጥናት የሚዳስስ ነበር።

ጥያቄዎ የታሪክ መሆን የለበትም። «ሐኪሜ የሚነግረኝ ሁለቱ የደም ግፊት ቁጥሮች ምን ያመለክታሉ?»፣ «የጓሮዬ አፈር በክረምት ውኃ ቋጥሮ የሚቀረው ለምንድን ነው?»፣ «የልጅ ልጄ ቀኑን ሙሉ የምትጽፈው ኮድ በእርግጥ ምን ይሠራል?» የሚሉት ሁሉ ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። የጤና ኮርስ ሐኪምዎን በተሻለ ሁኔታ ለመረዳት እንጂ መድኃኒትዎን በራስዎ ለመለወጥ እንዳልሆነ ግን በዚሁ አጋጣሚ ላሳስብ እወዳለሁ።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ሳምንታቱን ይቁጠሩ

ክረምት በአገራችን የዘመን አከፋፈል ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቢሆንም፣ ለትምህርት የሚውለው ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው። መስከረም ሲጠባ በዓላትና የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ ይመጣሉ፤ በነሐሴ መጀመሪያ ደግሞ ጾመ ፍልሰታ አለ። በፍልሰታ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው ሁለቱን ሳምንታት እንደ ወትሮው ለማጥናት ቢያቅድ ራሱን ማታለል ይሆንበታል። ስለዚህ ከሁለት መንገዶች አንዱን እመክራለሁ። የመጀመሪያው፣ የስድስት ሳምንት ኮርስ መርጦ ሰኔ 19 መጀመር ነው፤ ይህም ሐምሌ 30፣ ልክ በጾሙ ዋዜማ ያበቃል። ሁለተኛው፣ በሐምሌ ወር አራት ሳምንት ተምሮ፣ በፍልሰታ አቋርጦ፣ ከነሐሴ 17 እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ ቀሪውን መጨረስ ነው። ሁለተኛው የሚሠራው በራስ ፍጥነት በሚሄድ ኮርስ እንጂ የተወሰነ የማስረከቢያ ቀን ባለው ኮርስ አይደለም።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር የቀን አጻጻፍ ነው። ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ላይ፣ ነሐሴ 1 ደግሞ ኦገስት 7 ላይ ይውላል። አሜሪካውያን ወሩን፣ እንግሊዞች ቀኑን ስለሚያስቀድሙ፣ በአንድ ኮርስ ገጽ ላይ 7/8 ተብሎ የተጻፈ የማስረከቢያ ቀን ኮርሱ የአሜሪካ ከሆነ ሐምሌ 1፣ የእንግሊዝ ከሆነ ግን ነሐሴ 1 ማለት ነው። የአንድ ወር ልዩነት አለውና ወዲያውኑ ወደ ራስዎ የቀን መቁጠሪያ ገልብጠው ይጻፉት።

ለሰዓቱ፣ በሳምንት ሦስት ሰዓት ያህል የሚጠይቅ ኮርስ ለጀማሪ ይበቃል። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲኤስ ፊፍቲ የሚባለው የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ እጅግ የሚደነቅና በነጻ የሚሰጥ ኮርስ ነው፤ ነገር ግን በሳምንት ከ10 ሰዓት በላይ ሊወስድ ስለሚችል ለመጀመሪያ ክረምት አልመክረውም።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ኮርሱን የት እንደሚፈልጉ ይወስኑ

ለጎልማሳ ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በነጻ የከፈተውን ኦፕንለርን ነው። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1969 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሥራና ቤተሰብ ያላቸው ሰዎች በርቀት እንዲማሩ ታስቦ በመሆኑ፣ የማስተማሪያ ጽሑፎቹ መምህር አጠገቡ ለሌለ ሰው የተጻፉ ናቸው። ኮርሶቹ ስንት ሰዓት እንደሚፈጁና የመግቢያ፣ የመካከለኛ ወይም የከፍተኛ ደረጃ መሆናቸውን በግልጽ ያሳያሉ፤ አብዛኞቹም በጽሑፍ ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ ዳታ አይበሉም። ለጨረሰ ሰው የተሳትፎ ማረጋገጫ ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። አክስቴም ስለ ጥንታዊት ግሪክና ሮም ከሚያስተምሩት አንዱን የመረጡት ከዚሁ ነው።

ሁለቱ ትልልቅ የኮርስ መድረኮች ኮርሴራና ኤድኤክስ ናቸው። ሁለቱም በ2012 እ.ኤ.አ. የተመሠረቱ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያውን የስታንፎርድ ፕሮፌሰሮች አንድሩ ንግና ዳፍኒ ኮለር፣ ሁለተኛውን ኤምአይቲና ሃርቫርድ ጀምረውታል። ምርጫው በእነዚህ ዘንድ እጅግ ሰፊ ነው። ከዓመታት በኋላ ወደ ትምህርት ለሚመለስ ሰው በኮርሴራ ላይ ባርባራ ኦክሊና ቴሬንስ ሴይኖውስኪ ስለ አማማር ዘዴ የሚያስተምሩትን አጭር ኮርስ በቅድሚያ እንዲያይ እመክራለሁ፤ አእምሮ አዲስ ነገርን እንዴት እንደሚይዝ በቀላል ቋንቋ ያስረዳል።

የሒሳብና የሳይንስ መሠረቱን መከለስ የሚፈልግ ሰው ሙሉ በሙሉ ነጻ ወደሆነው ካን አካዳሚ ይሂድ። የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ትምህርት ያለ ምዝገባ ለማየት ደግሞ የኤምአይቲ ኦፕንኮርስዌር አለ። የኮድ ነገር ለሚያጓጓው፣ ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የጀመረችው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በፕሮግራሚንግ፣ በዳታ ሳይንስና በአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ ላይ ነጻ የመግቢያ ኮርሶችን ከሰርተፊኬት ጋር አቅርቧል፤ ለሦስት ዓመት ታቅዶ የተጀመረ ስለሆነ ምዝገባው ክፍት መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖች ሳይታወቅ የቀረ አንድ በር አለ። ኦሸር የዕድሜ ልክ ትምህርት ተቋማት የሚባሉት ከመቶ በላይ በሆኑ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ይገኛሉ። በዋነኛነት ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የተከፈቱ ሲሆን፣ ፈተናም ሆነ ውጤት የላቸውም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲና የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዳቸው እንዲህ ያለ ተቋም አላቸው፤ ከትምህርቶቹ የተወሰኑት በዙም ይሰጣሉ። በቨርጂኒያ ደግሞ በ1974 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መሠረት፣ ዕድሜያቸው 60 የሞላ የግዛቲቱ ነዋሪዎች በመንግሥት ኮሌጆች ቦታ ከተረፈ ያለ ክፍያ ትምህርት መከታተል ይችላሉ። ዕድሜያቸውን በሥራ ላይ አሳልፈው አሁን ቤት የዋሉ አባቶችና እናቶች ይህን መብት ሳይሰሙ መቅረታቸው ያሳዝነኛል። ልጆች ይህን ካነበባችሁ ለወላጆቻችሁ ንገሩልኝ። የአካባቢ ቤተ መጻሕፍት ካርድም ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ ወደ ኦንላይን ኮርሶች ያስገባልና ቤተ መጻሕፍቱን መጠየቅ አይርሱ።

አራተኛ ደረጃ፦ የክፍያውን ነገር ከመመዝገብ በፊት ይጨርሱ

በኮርሴራና በኤድኤክስ «ነጻ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ አንድ ትርጉም የለውም። አንዳንዱ ኮርስ ትምህርቱን በነጻ አሳይቶ ለፈተናውና ለሰርተፊኬቱ ያስከፍላል፤ አንዳንዱ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ይከፍታል፤ በኤድኤክስ ደግሞ በነጻ የገባ ሰው ትምህርቱን የሚያየው ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ነው። ስለዚህ የምዝገባ ቁልፉን ከመጫንዎ በፊት በነጻ የሚያገኙት ምን እንደሆነ፣ እስከ መቼስ ክፍት እንደሚቆይ የሚገልጸውን ክፍል ፈልገው ያንብቡ።

ለዕውቀት ብቻ የሚማር ሰው ሰርተፊኬት አያስፈልገውም የሚል ጽኑ አቋም አለኝ፤ ለሰርተፊኬቱ የሚከፈለው ገንዘብ ለመጽሐፍና ለዳታ ቢውል ይሻላል። ሰርተፊኬቱን የግድ የሚፈልጉ ከሆነ ኮርሴራ የክፍያ ድጋፍ ማመልከቻ አለው። በማመልከቻው ላይ ለምን መማር እንደፈለጉና ለምን ሙሉውን መክፈል እንደማይችሉ በራስዎ ቃል ያብራሩ፤ መልሱ ሁለት ሳምንት ገደማ ሊወስድ ስለሚችል ሰኔ ሳይጋመስ ያመልክቱ።

«ሰባት ቀን በነጻ ይሞክሩ» የሚለውን ግብዣ ግን በጥንቃቄ ይዩት። የባንክ ካርድ ቁጥር ከተሰጠ በኋላ የነጻው ጊዜ ሲያልቅ ክፍያው በየወሩ በራሱ ይቀጥላል። በውጭ አገር የሚኖር አንድ የቅርብ ዘመዴ በዚህ መንገድ ላልተማረበት ሦስት ወር ከፍሏል፤ ያሳወቀውም የባንክ መግለጫው ነበር። እንዲህ ባለ ግብዣ መግባት የግድ ከሆነብዎ፣ በተመዘገቡበት ዕለት ስልክዎ በአምስተኛው ቀን እንዲያስታውስዎ አድርገው ያዘጋጁት። ከኢትዮጵያ ሆነው ለእነዚህ መድረኮች ለመክፈል የውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሚያስፈልግ፣ ለአገር ቤት ተማሪ ከክፍያ ነጻ በሆኑት ላይ ማተኮር ብዙ ድካም ያስቀራል።

አምስተኛ ደረጃ፦ ዳታና መብራት

የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በ360 ጥራት 300 ሜጋባይት ገደማ ሲወስድ፣ በ720 ጥራት ከ1 ጊጋባይት ሊበልጥ ይችላል። መምህር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ለማየት 360 ይበቃል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ቪዲዮ ያለው የስድስት ሳምንት ኮርስ 12 ሰዓት ነው፤ ይህም በዝቅተኛው ጥራት 3.6 ጊጋባይት ይሆናል። ይህን ስሌት ለራስዎ ኮርስ ሠርተው ከቴሌ ወይም ከሳፋሪኮም ጥቅል ጋር ያመዛዝኑት።

በክረምት ዝናብ መብራት መጥፋቱ የተለመደ ስለሆነ፣ የሳምንቱን ቪዲዮዎች በሳምንቱ መጀመሪያ፣ በተለይ የሌሊት ጥቅል ካለዎት በሌሊት፣ በመተግበሪያው ውስጥ አውርደው ያስቀምጡ። የኮርሴራ፣ የኤድኤክስና የካን አካዳሚ መተግበሪያዎች ቪዲዮ ለማውረድ ያስችላሉ፤ የኦፕንለርንን ጽሑፍ ደግሞ በፒዲኤፍ አውርዶ ፎቶ ኮፒ ቤት ማሳተም ይቻላል። አክስቴ ሙሉውን አሳትመው በእርሳስ እያሰመሩ ስላነበቡት፣ ከእኔ በተሻለ ያስታውሱታል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ቋንቋውን አይፍሩት

እስካሁን የጠቀስኋቸው አብዛኞቹ ኮርሶች በእንግሊዝኛ ናቸው። ቪዲዮውን በ0.75 ፍጥነት ይክፈቱት፤ ሰብታይትል የሚባለውን የግርጌ ጽሑፍ ያብሩት። ከቪዲዮው በታች የንግግሩ ሙሉ ጽሑፍ ካለ፣ ቪዲዮውን ከማየትዎ በፊት እሱን ያንብቡት፤ ይህ አንድ ልማድ ብቻ ግማሹን ችግር ያቃልላል። ጎግል ትርጉም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛን ስለሚያካትት የከበደዎትን አንቀጽ ሊያስተረጉሙበት ይችላሉ፤ ነገር ግን የሙያ ቃላትን ብዙ ጊዜ ስለሚያዛባ በትርጉሙ ላይ ብቻ አይደገፉ። ከዚያ የተሻለው፣ ደብተርዎ መጨረሻ ላይ የራስዎን የቃላት ዝርዝር መክፈትና ለእያንዳንዱ የሙያ ቃል ከኮርሱ የተረዱትን በአማርኛ በአንድ መስመር መጻፍ ነው።

ሰባተኛ ደረጃ፦ የየሳምንቱ አሠራር

ከሦስቱ ሰዓት አንዱን ለማየትና ለማንበብ፣ ሁለቱን ለራስዎ ሥራ ይመድቡ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ቪዲዮ ሲያይ ይውልና በሳምንቱ መጨረሻ ምን እንደተማረ ቢጠየቅ መናገር ያቅተዋል። ቪዲዮ ማየት የመማር ስሜት ይሰጣል እንጂ መማሩ የሚፈተነው ደብተሩ ተከድኖ የሰሙትን በራስ ቃል ለመጻፍ ሲሞከር ነው። ለ25 ደቂቃ ስልክዎን ከአጠገብዎ አርቀው ይሥሩ፤ ከዚያ ለአምስት ደቂቃ ተነሥተው ይንቀሳቀሱ፤ እንደገና ይቀመጡ። ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ ደብተሩን ከድነው ያስታወሱትን በአማርኛ ይጻፉ፤ ከዚያ ብቻ ከፍተው ያመሳክሩ። በአማርኛ እንዲሆን አጥብቄ የምለው፣ በእንግሊዝኛ የተሰማ ነገር ቃል በቃል ሊደገም ስለሚችል ነው። በራስዎ ቋንቋ ለመጻፍ ግን መረዳት ግድ ይሆናል።

ቢቻል ሁለት ሆናችሁ ተማሩ። ለዚህ የሚሆነው ሰው የግድ አጠገብዎ መሆን የለበትም፤ አንዱ በሐዋሳ፣ ሌላው በሪያድ ሆኖ እሑድ ምሽት በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ግማሽ ሰዓት ቢነጋገሩ በቂ ነው። በቀጠሮው ላይ እያንዳንዱ ያልገባውን አንድ ነገር ይዞ ይቅረብ።

በቀጥታ የሚሰጥ ትምህርት ከመረጡ ሰዓቱን በጥንቃቄ ያስሉ። በበጋቸው ወራት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በሰባት ሰዓት፣ ለንደን በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራሉ፤ እስራኤልና ሳዑዲ ዓረቢያ ከእኛ ጋር እኩል ናቸው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። በዋሽንግተን 2 ፒኤም ተብሎ የተጻፈ ትምህርት በአዲስ አበባ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ይጀምራል። በዙም የቡድን ትምህርት በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ሊወስድ ስለሚችል፣ ሲናገሩ ካልሆነ በቀር ካሜራዎን ያጥፉ።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ወደ ወረቀቱ መመለስ

በመጨረሻው ሳምንት ኮርሱ ሳይዘጋ ማስታወሻዎችንና የሚወርዱ ጽሑፎችን ሁሉ ያስቀምጡ። ከዚያ በመጀመሪያ የጻፉትን ወረቀት አውጥተው ከጥያቄው በታች መልስዎን ከአንድ እስከ አራት ገጽ በሚሆን ጽሑፍ በአማርኛ ይጻፉ፤ ያላወቁትንም አይደብቁ። ኮርሱ የጥያቄዎን ግማሽ ብቻ መልሶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የተለመደ ነው። ጽሑፉን ለሚወዱት ሰው ጮክ ብለው ያንብቡለት፤ በንባቡ መካከል ሲያቋርጥዎና «እሱ እንዴት ሆነ?» ሲልዎ፣ ያልገባዎት የት ላይ እንደሆነ ያን ጊዜ ያውቁታል።

አክስቴ ጽሑፋቸውን በቡሄ ማግስት ምሽት አነበቡልን። የወርቁ ሳንቲም ወደ ባሕር ማዶ ለሚሄድ ንግድ ስለነበር የንግዱን ቋንቋ ግሪክኛን እንደያዘ፣ ብሩና መዳቡ ግን በአገር ውስጥ ገበያ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዘዋወሩ ግዕዝ እንደገባባቸው፣ የአዱሊስ ወደብም በመካከል ምን ሥራ እንደነበረው አስረዱን። በወረቀቱ ግርጌ ለሚመጣው ክረምት ሌላ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ነበር፦ «በ7ኛው ክፍለ ዘመን ሳንቲም መምታቱ ሲቆም፣ ገበያተኛው በምን ይገበያይ ነበር?»